አይጥፋ

ስምንት ሱቅ ዞሬያለሁ፣ ስታዲየም ዙሪያውን፣
አንድ ቴራ ፍለጋ፣ የቤት ኪራይ የማይነካውን።
አዲሱ ስምንት ሺህ።
"ኦሪጅናል" ይላል አንዱ፣ ላስቲኩን ሳይፈታ፤
ሌላው "ለአንቺ ሰባት ተኩል"፤ ሌላው በዝምታ
ካልኩሌተሩን ያዞርልኛል፣ ቁጥሩ እንዲናገር።
እኔ የሰው ሠርግ ቆራጭ ነኝ፦ ሚዜ ሲደናገር፣
አማት ለካሜራ ስታለቅስ፣ ደግሞ ስትስቅ፣
በፍላሽ ይመጣልኛል፤ እቆርጣለሁ፣ ማሽኔ እስኪታነቅ።

ሦስተኛ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፤ ሊፍቱ ከቆመ ከርሟል።
የሙዘሚል ሱቅ ውስጥ ቻርጀር እንደ ጭራሮ ተከምሯል።
"ያገለገለ አለህ?"
ከመሳቢያ አወጣ፣ በሶፍት እንደ እንቁላል የጠቀለለውን፣
ኬብል ሰካለት። እኔም ጆሮዬን ሰጠሁት፣ ትንፋሽ የለመደውን።
ሃርድ ዲስክ እንደ አስም በሽተኛ ነው፣ በአተነፋፈሱ የሚታወቅ፤
ቋ... ቋ... ካለ፣ ብርህን ይዘህ ራቅ።
ይሄ ግን ንብ ነው፣ ከሩቅ ቀፎ የሚመጣ ዜማ።
ፕሮግራሙን ከፈተልኝ፦ አሥራ አንድ ሺህ ሰዓት ሠርቷል፤
አረንጓዴ ነው፣ አንድም ቢጫ የለማ!

"አምስት ሺህ።"
"ሦስት።"
"እህቴ፣ የሱቅ ኪራይ አታውቂም።"
"አንተም የእኔን አታውቅም።"
"አራት ተኩል፣ መጨረሻ።"
ቦርሳዬን አነሳሁ።
የገበያ ሕግ ነው፤ እግር ወደ ደረጃው ይሄዳል፣
ጆሮ ግን ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።
ሦስተኛው እርምጃ ላይ ጠራኝ፣ ድምፁን ቀንሶ፦
"በሁለት ሺህ ውሰጂው።"
እኔ ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ቅናሽ ያስፈራል፣ ያለ ምክንያት አይመጣም ገስግሶ።

"አንድ ፎልደር አለው፣ አርባ ጊጋ። ስሙ 'አይጥፋ' ይላል።
የአቶ ደምመላሽ ነው፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ ፒያሳ።
ቤቱ ሲፈርስ ኮምፒውተሩን ሸጡልኝ፣ ከነወንበሩ፣ ከነኮሮጆው፣
'ቦታ ሳገኝ እመጣለሁ፣ ሰነዱን ብቻ አደራ' ብለው።
ስልካቸው አይጠራም። እዚህ ልጆቹ ያገኙትን ፎርማት ያደርጋሉ፤
አንቺ ጋ ይቀመጥ።"
ከፈልኩ። በሆዴ ግን ሌላ ስሌት ነበር፦
አንድ ቁልፍ፣ አንድ "እሺ"፤ ማን ያየኛል ካዛንቺስ፣ በሌሊት፣ በሬን ዘግቼ ብሰብር?

ማታ አይጡን ፎልደሩ ላይ አሳረፍኩ።
ከማጥፋቴ በፊት አንዱን ከፈትኩ።

"ለሚመለከተው ሁሉ፤
ጉዳዩ፦ የስሜ ፊደል እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ።
እኔ አመልካች ፀሐይነሽ፣ በመታወቂያዬ በፀሐዩ ፀ የተጻፍኩ ሲሆን፣
በባለቤቴ ጡረታ ደብተር ላይ በጸሎቱ ጸ በመገኘቴ፣
'አንቺ ሌላ ሴት ነሽ' ተብዬ፣
ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር..."

መታወቂያዋ ስካን ተደርጎ አብሮ አለ፤ ፎቶዋ ደብዝዟል፣
ነጠላዋ ከግድግዳው ጋር ተዋህዷል።
መልሱን ፈለግኩ። ቀጣዩን ከፈትኩ፣ ከዚያ ቀጣዩን።
የውሃ ቆጣሪ። የጠፋ ካርታ። የአጥር ጠብ። አንዱ ደግሞ
ደረጃ ላይ ስለወደቀ አባቱ፣ ስድስት ገጽ ሙሉ፣ ነጥብ የሌለው።
መልስ የሚባል ፋይል ግን የለም፤
ደምመላሽ ጥያቄውን እንጂ መልሱን አይጽፉም።

ጥር ገባ። ሠርግ ዘነበ።
ዲስኩ ጢም አለ፤ መስመሩ ቀላ፣ ማሽኑ "ቦታ የለም" አለ።
አንድ ኬክ ሲቆረስ በሦስት ካሜራ ነበረኝ፤ ሁለቱን አጠፋሁ።
የሙሽራው አጎት ንግግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ እሱንም (ይቅር ይበሉኝ) ደፋሁ።
ከዚያ ለሙዘሚል ደወልኩ።
"መጡ?"
"አልመጡም። ስሚ፣ ባለ ሁለት ቴራ ገብቷል፣
ጤነኛ ነው፣ ላንቺ በግማሽ ዋጋ ይሆናል።"
እጄ እስክሪብቶ ፈለገ፣ ቁጥሩን ልጽፍ።
ጀርባው ላይ ስንት ሰዓት እንደሠራ መጠየቅ ነበረብኝ፣
ቋ ቋ ይል እንደሆነ፣
እኔ ግን
"ውስጡ ማን አለ?" አልኩት።