አራት መቶ አሥራ ሁለት

ባሕሩ ጠንክሮ፣
ጀልባው ከወደቡ በበረዶ ታስሮ፣
በሳሬማ ደሴት፣ በጥር አጋማሽ ላይ፣
ገና በዘጠኝ ሰዓት ሲደበዝዝ ሰማይ፣
መምህርት ማይሜ ካርቶን አቅፋ መጣች፤
ካርቶን ሙሉ ካልኩሌተር ለክፍሉ አደለች፤
ድምጿን ጉንፋን ቀምቷት ጠመኔ አነሣች።

«አንድ ቁጥር ምረጡ፤ የፈለጋችሁትን።
ከዚያ ኮሳይን በሉት። የወጣውን
ሳትደምሩ፣ ሳትቀንሱ፣ እንደገና።
ደግሞ እንደገና።
ጣታችሁ እስኪዝል።»

ራይቮ የጫማውን ቁጥር አስገባ፤ አርባ ሦስት።
ሄልዱር የአያቱን ላሞች፤ ሰባት።
ኡርማስ ጉረኛው ከሚሊዮን በታች አልወርድም አለ።
ቪርቬ ግን ዝም ብላ፣ ማንም ሳያይባት፣
ጻፈች፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
አባቷ በዓሣ መርከብ ከሄደ ያለፈው ቀን ነው፤
በግድግዳው መቁጠሪያ በእርሳስ ያሰፈረችው።

ተጫነች። ከዜሮ በታች ሰመጠ ቁጥሩ።
ተጫነች። ስልሳ ሁለት ከመቶ፤ ተነሣ ከሥሩ።
ሰማንያ አንድ። ስልሳ ስምንት። ሰባ ሰባት። ሰባ አንድ።
አንዴ አለፈ፣ አንዴ አነሰ፤
ገፊው ትቶት እንደ ሄደ ዥዋዥዌ
ወዲያ ሲል፣ ወዲህ ሲል፣
እያንዳንዱ ምልልስ ካለፈው እየጠበበ።

ከሃምሳ ጊዜ በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ።
በየጠረጴዛው ላይ አንድ ቁጥር ዋለ፦
ዜሮ ነጥብ ሰባት ሦስት ዘጠኝ ዜሮ ስምንት አምስት።
ጫማውም፣ ላሞቹም፣ ሚሊዮኑም አንድ ቤት።

ቪርቬ ተቆጣች። «የኔ ቁጥር የኔ ነው!
ከራይቮ ጫማ ጋር ምን አገናኘው?
ያን ሁሉ ሌሊት እየቆጠርኩ ሳነባ፣
የኔ አራት መቶ አሥራ ሁለት የት ገባ?»

ማይሜ ልትመልስ ስትል ሳል አነቃት።
ያኔ ከኋላ ወንበር ታርሞ እጁን አወጣ፦
«የኔ ሌላ ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ስምንት አራት...
አራቴ ሳልጫን ቆመ።»
ሳቁበት። እሷ ግን ተቀብላ አየችው፤
ራዲያን መሆን ሲገባው ድግሪ ላይ ትቶት ነው።
ቁልፉ ያው፣ ስሙም ያው፤ መለኪያው ሲለወጥ
ማረፊያውም ሌላ።

ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ ጠመኔው እየተሰበረ፦
«መነሻ አይደለም መድረሻን የሚመርጥ፤
ደጋግመን የምናደርጋት ነገር ናት።
መንገዱ ግን፣ ቪርቬ፣ ያንቺ ነው።
ከዚህ ክፍል በዚያ በኩል የመጣ የለም።»

ቪርቬ አልተጽናናችም።
ሲመሽ በወደቡ በኩል ስታልፍ፣
ጓንቷን አውልቃ አንድ ጊዜ ተጫነች።
ቁጥሩ አልተነቃነቀም።
የደረሰ መሰላት፤ ከዚያ ትዝ አላት፦
መስኮቱ ስለሞላ ነው እንጂ፣
ከመስኮቱ ጀርባ አሁንም ይወዛወዛል፣
ከፀጉር በቀጠነ፣ ከዚያም በቀጠነ ርቀት፤
ይቀርባል፣ ይቀርባል፣
ደረስኩ ግን አይልም።

ቤት ገባች። ካልኩሌተሩን ከጓንቷ ጋር ምድጃው አጠገብ ጣለች።
እርሳሷን ቀርጻ፣ በመቁጠሪያው ላይ፣
ጻፈች፦ አራት መቶ አሥራ ሦስት።