ከጣቷ ሳትለቅ

ኩስኮክዊም ሊረጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣
በቤቴል አየር ሜዳ፣ ነፋስ በሚያበጥረው፣
መዛኙ እኔ ነበርኩ።
አራት ካርቶን ለስላሳ፣ የጀልባ ባትሪ፣
አሮጊት ከነጓዟ፣ አንድ አዲስ አስተማሪ፤
ሁሉንም በፓውንድ፣ ሁሉንም በእርሳስ፣
ጣቴ ደንዝዞ፣ ትንፋሼ እንደ ጭስ።

ማትሮና ከክንፉ ስር
ነዳጅ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ሰማይ አንስታ
ታየው ነበር፣ ውሃ እንዳይኖርበት፣
ጠጅ እንደሚመረምር ሰው
አንድ ዓይኗን ጨፍና።

ሰውየው ያኔ ደረሰ።
ከአንኮሬጅ ነው፤ ጫማው አዲስ፣
በአንገቱ መታወቂያ፣ በብብቱ ሰሌዳ፣
ድምፁ ግን ትሁት፣ እንደመጣ እንግዳ፦
«ድዌይን ሆልከም እባላለሁ፤ የበረራ ተቆጣጣሪ።
ፈቃድሽን ላየው?»

አብራሪ ፈቃዱን የት እንደሚያስቀምጥ
ሚዛን አጠገብ የቆመ ያውቃል።
ሕጉ «ካንተ አይራቅ» ብሎ፣ የቀረውን ለጠባይ ትቶታል።
አንዱ ከመቀመጫው ስር፣ ከዓሣ መንጠቆ ጋር፤
አንዱ ከሚስቱ ፎቶ ጀርባ፣ ሁለቱም ደብዝዘው፤
ወጣቱ ጃስፐር በስልኩ ሽፋን ከትቶት
ስልኩን ወንዝ በላው፤
አዲሱ እስኪመጣለት መሬት ላይ ዋለ፣
ከእኔ ጋር ካርቶን እየተሸከመ፣
ሰማዩን ቀና ብሎ ላለማየት እየታገለ።

ማትሮና ጎማው ላይ ተቀመጠች።
የቀኝ ቦቷን ጎትታ አወጣች፤
ካልሲዋ አውራ ጣት ላይ ተቀዷል።
ከቦቱ ውስጥ የሳንድዊች ላስቲክ፣
እግሯ ያሞቀው፣ ተጣጥፎ የላመ።
«ቦርሳ ይጠፋል» ብላኝ ነበር አንድ ቀን፣
«ካፖርትም ይረሳል፤
ብወድቅ ግን፣ ከተረፍኩ፣
እግሬን ይዤ ነው የምወጣው።»

እጁን ዘረጋ። ካርዱን ዘረጋችለት፣
በሁለት ጣቷ ጨብጣ፣ ሳትለቅለት።
«ማየት መብትህ ነው» አለችው፤
የቀረውን አልተናገረችም።
ሰጥተሽ ከሄድሽ እንደ ተውሽው ይቆጠራል፣
ሲል አስተምሯታል ኢግናቲ፣
ባሏ፣ ከሷ በፊት የበረረ።
እና ሆልከም፣ ምን ያድርግ፣
መስቀል እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ ብሎ አነበበ።

እሱ ማየት ይችላል። ፖሊስም ይችላል፣
የትንሿ መንደር ፖሊስ እንኳ።
አደጋ የሚመረምሩትም ይችላሉ፤
እነሱን የሚያመጣ ቀን አይምጣ።
«እኔስ?» አለች አሮጊቷ ኡሊያና፣
ከባትሪው አጠገብ ተቀምጣ፣
«ነፍሴን የማሳፍረው እኔ አይደለሁ?»
እሷ በሕጉ የለችም።
ማትሮና ግን ካርዱን ወደሷ አዞረችው።
አየችው፣ ገለበጠችው በዓይኗ፣
«ፎቶ የለውም እኮ!
ታዲያ ያንቺ መሆኑን በምን ያውቃል?»
አስተማሪው ሳቀ። ሆልከምም ሊስቅ ሲል
ላስቲኩ ውስጥ ሌላ ካርድ አየ።

«ከኋላ ያለውስ?»
ነፋሱ ገመዱን ያንኳኳል፤ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ።
አሳየችው። አሁንም ሳትለቅ።
ስሙን አነበበ፤ መልሶ አነበበ።
«ይሄ ያንቺ አይደለም።»
«አይደለም።»
«የሚያበቃበት ቀን የለውም» አለ፣ ቀስ ብሎ፣
ለራሱ እንደሚናገር።
«አዎ» አለች። «የሱ አያበቃም።»

ሕጉ ስለ ሟች ፈቃድ ምን እንደሚል አላውቅም፤
እሱ ያውቅ ይሆናል።
ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጻፈ፣ አንዱን ዘለለ፣
ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።
ላስቲኩ ወደ ቦቱ፣ እግሩም ወደ ቦቱ ገባ፤
ሁለት ጊዜ መሬቱን መታች፣ እስኪመቻት።

ከዚያ ሆልከም እስከ ቱንቱቱሊያክ
አብሬ ልሂድ አለ፣ በረራውንም ሊያይ።
«ክብደት?» አልኩት።
«መቶ ሰማንያ» አለ፣ ዓይኑን ወደ ወንዙ ጥሎ።
እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ።
«ጌታዬ፣ ሚዛኑ ላይ ይውጡ፤
ይህንን የማየው እኔ ነኝ።»
ወጣ፣ ከነአዲስ ጫማው፤
መርፌው ተንቀጥቅጦ መቶ ሰማንያን አለፈ፣
ሁለት መቶ ላይ ትንሽ አሰበ፣
አለፈው።
ማትሮና ዞር ብላ ነዳጇን እንደገና ቀዳች።