የት አደርክ?

ከተማ የማውቀው ረግጬው አይደለም፤
ከባቲ ወዲያ ማዶ ለእኔ ሌላ ዓለም።
የማውቀው በጎማ፣ በዚህ ጥቁር ቆዳ፣
ሌሊቱን ተንከባሎ ሲደርስ በማለዳ።

ኮምቦልቻ፣ ከደረቅ ወደቡ አጥር ጥግ ተጠግቶ፣
ሱቄ አንድ ክፍል ነው፣ ቆርቆሮው ሰባት ቦታ ተበስቶ።
ኮምፕሬሰሩ ሲያንኮራፋ በርከክ እላለሁ፣
ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር እዳብሰዋለሁ፤
«የት አደርክ?» እለዋለሁ።

ሰመራ ያደረ አይደበቅም፤
ጎኑ ተሰነጣጥቋል እንደ ቦና ማሳ፤
ሚሌ የቆመ አመድ የመሰለ አቧራ ይዞ ነው የሚነሣ።
ጋላፊ ግን፣ ጋላፊ፣
ኬላው ላይ ሦስት ቀን ወረቀት ጠብቆ፣
አስፋልቱ እንደ ሙጫ ከሥሩ አጣብቆ፣
የተኛበት ጎኑ ጠፍጥፎ ይመጣል፣
ጣትህን ብትጭነው ጉድጓድ ያወጣል።
ጅቡቲ የደረሰው ጨው ይሸታል፤ ብሎኑ ዝጎ አይፈታም፤
ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉ ላይ ካልተንጠለጠልኩ አይረታም።

ሾፌሩ ወርቅአገኘሁ ከጋቢናው ሲወርድ
ላቡ ሸሚዙ ላይ ደርቆ ካርታ ሠርቷል፤
«ይሄ ዲቼኦቶ ነው» ይለኛል ደረቱን እያሳየኝ፣
«ይሄ ሰርዶ፤ ይሄ ብብቴ ሥር ያለው ባሕሩ።»
ከዚያ የኮምቦልቻን የጠዋት አየር በአፍንጫው ስቦ፣
ሁለት እጁን ዘርግቶ
«እሰይ ደጋ!» ይላል።

እሰይ ደጋ፣ ኮምቦልቻ!
እናቴ በሰማችው፣ እናቴ ዘምዘም፣ የደሴዋ፤
ሐረጎን ቁልቁል ስትወርድ፣ በየመታጠፊያው፣ በየጠመዝማዛዋ፣
መጀመሪያ ጋቢዋን፣ ከዚያ ሹራቧን እያወለቀች፣
«ልጄ ምድጃ ውስጥ ሱቅ ከፈተ» እያለች
የምትመጣዋ፤
ውሃ ቀምሳ ሳትጨርስ «ጦሳ ይሻለኛል» ብላ የምትነሣዋ።

ታዲያ ሙቀት የማን ነው? ስሙን ማን አወጣለት?
አንዱ ብርድ ሲለው አንዱ ተለበለበበት።

ሐምሌ ላይ፣
ቦርከና ደፍርሶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲወቅረው፣
በሰባቱ ቀዳዳ ሰባት ጣሳ ሲሞላ፣
ራዲዮው የሩቅ አገር ሙቀት ይቆጥራል፦
ባስራ፣ አህዋዝ፣ ኩዌት፤ ሃምሳ ዲግሪ፣ ሃምሳ አንድ።
ኩዌት ሲል ቁልፉን አስቀምጣለሁ።
እህቴ ሉባባ እዚያ ናት፤ አራት ዓመቷ።
እዚያ የዋለ ጎማ በእኔ በር አያልፍም፣
እንዳልዳስሰው፣ እንዳልጠይቀው።

አንድ ሌሊት ስትደውል ጠየቅኋት፦
«ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው?»
ሳቀች፤ ቀስ ብላ፣ እመቤቲቱ እንዳትሰማ።
«የምን ሙቀት፣ ይመር? ውርጭ ቤት ነው ያለሁት፤
ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ያጓራል፣ ከሥሩ ነው የምተኛው፣
ማጥፊያው እነሱ ጋ ነው።
ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፣ እንደ ደሴ ኅዳር።
ፀሐይን የማገኛት ጣሪያ ላይ ብቻ ነው፣ ልብስ ላሰጣ ስወጣ፤
ሽቦው መዳፍ ይልጣል፣
ሁለተኛውን ሳልሰቅል አንደኛው ይደርቃል፤
ቢሆንም ትንሽ እቆማለሁ።
ሰው ካገኘህ፣
ጋቢ ላክልኝ።»

ለኩዌት ጋቢ!
ለወርቅአገኘሁ ብነግረው ከት ብሎ ይስቃል ብዬ ነበር፤
አልሳቀም። የሲጋራውን ጫፍ አየ፣
«ጋቢናዬ ውስጥ ቢገጠምልኝ ስል ኖርኩ» አለ፣ «ለካ...»
አልጨረሰውም።

የእናቴ ጋቢ እዚሁ ነበር፣ ምስማሩ ላይ፤
ባለፈው መጥታ ስትቸኩል ረስታው ሄዳለች።
ወደ ኩዌት ለምትሄደዋ ለጎረቤቴ ልጅ
ስጠቀልልላት አልታወቀኝም፤
ጥለቱ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ታትሞ ቀረ፣
ጥቁር፣ የካላማደሪ ማጣበቂያ ሽታው ያልለቀቀው።
በኦሞ አሸሁት፤ በነዳጅ አሸሁት፤
ባሰበት።

ተውኩት።
እሷም አንድ ቀን ጠርዙን ዳብሳ
የት እንዳደርኩ ትወቅ።