ቆጠራና ቋጠሮ

ሉዊዚያና፣ የ1876 ምርጫ

ሌሊት ነው የወጡት፣ በሸንኮራው መሃል፣
ፋኖሳቸው ጠፍቶ፣ ታፍኖ በመዳፍ ሳል።
የኢሳም ወረቀት፣ ንስር የታተመበት፣
ከኮቱ ገበር ሥር ሚስቱ ሰፍታለት፤
ፊደል አልቆጠረም፣ ንስሩን ግን ያውቃል።
ከጥጥ መዳመጫው በር ሦስት ጠመንጃ ቆሟል።
አለፈ መሃል ለመሃል፣ ባርኔጣውን ይዞ፣
ድምፁን ሰጠ፣ ዝም ብሎ፣ ምላሱ ደንዝዞ።

ኬዛያ ሴት ናትና አልፈቀደም ሕጉ፤
ጉቶ ላይ፣ ካፊያ ውስጥ፣ ክር ይዛ ከጥጉ፣
አንድ ሰው በገባ አንዴ ትቋጥራለች።
መቶ አርባ ሁለት ላይ ክሯን ጠቀለለች።

በሳምንቱ ጀልባ ወሬውን አመጣ፤
ዲያቆን ታርልተን አነበበው፣ ድምፁ እየታጣ፦
«የናንተ ቀበሌ፣ ዘጠኝ።»

ዘጠኝ።

ኢሳም አሥር ጣቱን ዘርግቶ አንዷን አጠፈ፤
ያን ቀን በዚያ በር ግን ስንት ወንድ አለፈ!

ኬዛያ ክሯን ከዱቄቱ ጆንያ አወጣችው፤
ጥፍሯን ዘጠነኛዋ ጉጥ ላይ አቆመችው።
«ይቁጠሩ» አለች፣ «የነሱ ቆጠራ ነው።
የኔን ቋጠሮ ግን፣
ዝናብ ጠጥቶ የደረቀውን፣
ጥርስም አይፈታው።»

ቀጠለች ከዚያ፦
«አሥር፣ የሻድራክ ልጅ። አሥራ አንድ፣ አንካሳው ጁፒተር...»
ሻማው ሲያልቅ ገና መቶ አልደረሰችም ነበር።