ቁጥር ያልወጣለት

መስከረም ሲጠባ ክረምት በሚገባበት፣
በኢስቶኒያ ደቡብ፣ ጥድ በከበበው ቤት፣
ማልቪ ባልዲ ይዛ ደረጃውን ወጣች፤
ጣሪያው ከሚያፈሰው፣ ከሚዳቋዋ ጎን አኖረች።
ጠብ... ጠብ...
ሚዳቋዋ ጆሮዋን አታቆምም፤
ጭድ የሞላው ደረት ድንጋጤ አያውቅም።

ቤቱ የባሮን ነበር። አዳኝ ሰው፣ ቁጡ ሰው፤
ግድግዳው ላይ ሁሉ ቀንድ ያበቀለው እሱ ነው።
ግብር የተበላበት አዳራሽ ዛሬ የዓሣ ነው፤
እመቤቲቱ ያጌጠችበት እልፍኝ የቢራቢሮ፣
እያንዳንዱ ክንፍ በመርፌ የተወጋ፣
እያንዳንዱ ሣጥን በመስታወት የተዘጋ።

ተኩላው በሩ አጠገብ። አንድ ጆሮውን ብል በልቶታል፤
ከእግሩ ሥር ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፏል፤
መጀመሪያ ጀርመንኛ፣ በቀጭን ብዕር፣
ቀጥሎ ሩሲያኛ፣ ከነማኅተሙ ጭምር፣
ከዚያ የአገሬው ቋንቋ፣ ኮምፒውተር ያተመው።
ሹም በተሻረ ቁጥር አዲስ ስም ወጣለት፤
ያገጠጠ ጥርሱን ግን ማንም አልነካበት።

ሐሙስ ዕለት አንድ ልጅ፣ ኡኩ የሚሉት፣
አፍንጫው የሚፈስ፣ ጓንቱ በገመድ ከአንገቱ የታሰረለት፣
ድቡን፣ ጉጉቱን፣ ቢቨሩን አንድ በአንድ አይቶ፣
«ባሮኑስ?» አላት፤ «የት ነው የቆመው፣ ጭድ ተሞልቶ?»
አስተማሪዋ አፈረች። ማልቪ ግን ሳቀች፤
ከሳቋ በኋላ ዝም ብላ ቆየች።

ቅድመ አያቷ ትሪኑ የዚህ ቤት ገረድ ነበረች።
ስንት ዓመት ወለል አሸች፣ ስንት ባልዲ ተሸከመች፣
ሥዕል የላትም።
ደብዳቤ የላትም።
የእንጨት መስቀሏንም በረዶ ጥሎታል።
በጓዳው በር በኩል ግን፣ ጎብኚ በማይደርስበት፣
አንድ ደረጃ አለ፣ መሃሉ የጎደጎደበት፤
ድንጋይ ነው። ድንጋዩን የበላው ግን እግር ነው፣
ጠዋት ማታ ያለ ድምፅ የወጣ የወረደው።

የሙዚየሙ መዝገብ ሰባት ሺህ ዕቃ ይቆጥራል፤
ጥንዚዛ ሳይቀር ቁጥር ወጥቶለታል።
ደረጃው የለበትም።

ማልቪ ባልዲውን ደፍታ፣ መልሳ፣ ወደ ቢሮዋ ወረደች፤
ካርቶን ቆረጠች፣ እርሳሷን ቀረጸች።
«ዝርያ» ብላ ጀምራ ሰረዘች።
«የተገኘበት ቦታ፦ እዚሁ።
የሰበሰበው ሰው፦»
እዚህ ላይ እጇ ቆመ።
ባዶውን ትታ፣ ካርቶኑን ሙጫ ቀብታ
ድንጋዩ ላይ ለጠፈችው። እርጥበቱ አልይዝ አለው።
በመዳፏ ተጫነችው። ወደቀ።
ደግሞ ተጫነችው፤
ከላይ የባልዲው ድምፅ ሲወፍር፣ ሊሞላ ሲል ሰማች፣
ተነሣች፣
ሮጠች፣
ጎድጓዳውን ረገጠችው።