ሞክሼ መንገዶች

ጥር ላይ እዚህ ኦውሉ ፀሐይ ልግመኛ ናት፤
አርፍዳ ትገባለች፣ ቀድማን ትወጣለች፣ አለቃ የለባት።
እኔ ግን በሁለት ሰዓት፣ በጨለማ ገባሁ፤
ጫማዬን በር ላይ ጥዬ፣ በካልሲ ተራምጄ፣ ስክሪኔን አበራሁ።

ጥቁር መስኮት እወዳለሁ፤ ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤
ነጭ ፊደል ብቻ፣ እንደ ሌሊት ካፊያ ቁልቁል የሚፈሰው።
ኪቦርዴ አሮጌ ነው፣ በዕድሜ ኦኒን ይበልጣል፤
ስነካው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደ ወረደ በረዶ ይንጣጣል።
ኦኒ፣ አዲሱ ልጅ፣ ጆሮውን ደፍኖ «ለሙዚየም ስጪው» ይለኛል።
አልሰጥም።
ፊደሉ ከላዩ ተፍቋል፤ ጣቴ ግን ያውቀዋል።

ከስክሪኑ ሥር የእንጨት ዓሣ አለ፣ አባቴ በቢላ የቀረጸው፤
ስህተት ሲሰወርብኝ፣ ከመጀመሪያው መስመር አንሥቼ ለሱ ነው የማስረዳው።
ዝም ብሎ ይሰማል፤
ይህን ማን ስብሰባ ይችላል?

ሥራችን በረዶ ነው።
የከተማው መጥረጊያ መኪኖች ሌሊት ሌሊት ሲወጡ፣
የቱን መንገድ አስቀድመው፣ በየት ዞረው እንዲመጡ
የሚነግራቸው ፕሮግራም ከኛ ጣት ይወጣል፤
ስንሠራ ስማችን የለም፤ ስንሳሳት አገር ያውቀናል።

አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ቬይኮ የሚባሉ፣
ኅዳር ከገባ ጀምሮ በየጧቱ ይደውላሉ፤
«መንገዴ አልተጠረገም» ይላሉ።
ስክሪኔ «ተጠርጓል» ይላል፣ በአረንጓዴ፣ በእርግጠኝነት፤
ሰዓቱ፣ የሾፌሩ ስም፣ አንድም የለው ጉድለት።
ዐርብ ዕለት «ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ሳይቆጣ፣
«መስኮትሽ ካላየልኝ፣ አንድ ቀን ዓይንሽ ይምጣ።»

ያን ማታ ለዓሣው ሁሉን አስረዳሁት፤
ሙከራውን ደግሜ፣ ደጋግሜ አስኬድኩት፤
አለፈ። አለፈ። አለፈ።
ዓሣው አፉን እንደ ከፈተ አደረ፤ አንድ ቃል አልተረፈ።

ቅዳሜ። ኮምፒውተሬ ተከደነ፤ የሳምንት ዕዳዬ ይቆየኝ፤
መሰርሰሪያ፣ ክንድ የማታህል ዘንግ፣ በርጩማ ጫንኩኝ፤
ትኩስ የቤሪ ጭማቂ በፔርሙዝ ይዤ፣
ወደ በረዷማው ባሕር፣ ዓሣ ላጠምድ ተጉዤ፣
መሪው በገዛ እጄ ታጠፈ።

መንገዱ የለም። ክምር ነው ያለው፤
ከክምሩ ኋላ አንዲት ቀይ ቆብ ብቻ ናት የምትንቀሳቀሰው።
ቬይኮ ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ፣ አካፋ በእጃቸው።
ማን እንደሆንኩ ሳልናገር፣ ሌላ አካፋ ተቀበልኳቸው።
ጥጉ ላይ የቆመውን ታፔላ በጓንቴ ጠረግሁት፤
«የጥድ መንገድ» ይላል። ቆሜ ቀረሁ፣ ደግሜ አነበብኩት።

የጥድ መንገድን እኮ አውቀዋለሁ! ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ነው፣
እንደ ገበታ የጸዳ፣ በሌሊት ሁለቴ የሚጠረገው።
ሞክሼ! አንድ ስም፣ ሁለት መንገድ፤
ይህኛው የጎረቤት ቀበሌ ነበር፤ ከከተማው ሲዋሐድ
ስሙን ይዞ ገባ። እኔ ደግሞ ስምን አድርጌ መለያ፣
ሁለቱን ስጠራ አንዱ ብቻ አቤት ይላል፣ ያ የመጀመሪያ።
ሰው ቢሆን «የትኛውን?» ብሎ ዞሮ ይጠይቃል፤
ማሽን ምን ቸገረው፣ ያገኘውን ያነሣል።

«ባለ መስኮቷ እኔ ነኝ» አልኳቸው፣ «ስህተቱም የኔ።»
አካፋቸውን ተደግፈው አዩኝ ለጥቂት ቅጽበት፣ ላንድ አፍታ፣ ለኔ
ግን ለሰዓት። ሳቁ። «ታዲያ ምን ያስቆምሻል? ቆፍሪ!»

ከቀትር በኋላ ባሕሩ ላይ፣ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣
ክንድ ከምታህል ቀዳዳ ውስጥ ክሬን ቁልቁል ጥዬ፣
መፍትሔውን በእርሳስ፣ ባለ ካሬ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ፤
አንድ መስመር ነው። ከደንኩት። ለሰኞ አሳደርኩ።
ሁለት ባለ ሽንትር ዓሣ ያዝኩ፤ አንዱን ቬይኮ በር ላይ ሰቀልኩ፤
ማታ ሳውና ገብቼ፣ ትከሻዬ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ።

ማክሰኞ ጧት ስልኩ ጮኸ። እሳቸው ናቸው።
«መጣ» አሉ። «ጠረገም። ክምሩን ግን በሬ ላይ ደፋው።»
የእንጨቱን ዓሣ ወደ ራሴ አዞርኩት፤
ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩለት።