የወንድ ቋጠሮ

"አትክልትና መስክ ማስዋብ ነው የምማረው" ስላቸው፣
ዘመዶቼ ፈገግ ይላሉ፤ አክስቴ ብቻ ናት የደፈረችው፦
"አረም ለመንቀልማ፣ ልጄ፣ ትምህርት ቤት ምን አስፈለገው?"

የመጀመሪያውን ዓመት መቀስ አልጨበጥኩም ማለት ይቻላል።
መምህር ኢሶቤ ከጥድ ሥር ያቆመኛል፤ "ምን ይታይሻል?" ይለኛል።
"ቅርንጫፍ።" "ሌላስ?" "ቅጠል።" "ሌላስ?" ዝም እላለሁ፤ ዝም ይላል።
በቅርንጫፍና በቅርንጫፍ መካከል የተቀመጠውን ባዶ
አይቼ እስክነግረው ድረስ፣ ሄደ አንድ ወር፣ እንደ ዘበት ነጉዶ።

ከዚያ ወዲያ የእጅ ተራ መጣ። የቶያማ ሰማይ በኅዳር ሲከብድ፣
"ዓሣ ቀስቃሽ" ያሉት ነጎድጓድ ከባሕሩ ማዶ ሲያገሳ፣ ሲወርድ፣
መሰላል ላይ ተንጠልጥለን የጥዱን መርፌ በጣት አሳሳን፣
ከአናቱ ገመድ አውርደን፣ እንደ ጃንጥላ አጥንት ወጠርን፣
በረዶ ክንዱን እንዳይሰብር።
ሙጫው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ትራሴ ላይ፣ ጠጉሬ ላይ አደረ፤
የሒሳብ ደብተሬን ገጽ ከገጽ አጣብቆ፣ አንድ ጥያቄ ሰወረ።

ቋጠሮው "የወንድ ቋጠሮ" ይባላል፤ ማን ስም እንዳወጣለት እንጃ እንጂ፣
ሃያ ስምንት ወንድ ባለበት ክፍል የምታስቀናው የዓሣ ነጋዴው ልጅ፣
ካናዴ ናት፤ አጫጭር ጣት ያላት፣ ዓይኗን ጨፍና የምትቋጥረው።
የእኔማ ገና ሳልለቀው ይላላል፤ የሕፃን ጫማ ክር ይመስል የማስረው።
ገመዱ በውሃ ርሶ፣ ጥቁር እያነባ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ይጠብቃል።
"እንደገና" ይላል ኢሶቤ። "እንደገና።" ከእሱ አፍ ሌላ ቃል መቼ ይወጣል?

ፈተናው በሐምሌ፣ በወበቅ፦ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር መሬት፣
የቀርከሃ አጥር፣ ሦስት መርገጫ ድንጋይ፣ አንድ አዛሊያ ከነሥሩ፤
ሁለት ሰዓት ተኩል ዕድሜ ያለው ርስት።
ፈታኞቹ ሜትርና ውሃ ልክ ይዘው በመሃላችን ይመላለሳሉ፤
ድንጋይ የጥፍር ውፍረት ታህል ካዘነበለ፣ እርሳስ ያነሳሉ።
ጨረስኩ። ስድስት ደቂቃ ተረፈኝ። ቀና ብዬ አየሁት፦
አጥሩ ጥላውን በድንጋዩ ላይ አንጥፏል። አንዲት ንብም መጣች፤
አበባ የለም፤ ግን እንደ እንግዳ ዞር ዞር ብላ ግቢዬን አየችልኝ።

"ጊዜ!" አሉ። ቀጥሎም፦ "አፍርሱት።"

አልነገሩኝም አልልም፤ መመሪያው ላይ፣ ገጽ ዘጠኝ፣ በደቃቃ ፊደል ሰፍሯል።
ድንጋዩ ወደ ክምሩ፣ ተክሉ ወደ ባልዲው፤ አፈሩ ለተረኛው ተደልድሏል።
ቋጠሮው ብቻ አልፈታ አለ። በጥፍሬ፣ በጥርሴ ታገልኩት፤
ሦስት ወር ሙሉ "ጥበቅ" ያልኩትን፣ "ላላ" ብዬ ለመንኩት።
አንዱ ፈታኝ ጎንበስ ብሎ መቀስ አቀበለኝ፤ "ይህማ አይፈታም፤ ይቆረጣል" አለ፤
ወረቀቱም ላይ አንድ ነገር ጫረ። ምን እንደሆነ? እጁ ከለለ።

እኛ ቤት፣ የአያቴ አትክልት የነበረው ግቢ አስፋልት ለብሷል፤
አባቴ አሥራ አንድ መኪና በወር ኪራይ ያሳድርበታል።
ጥዱ ሲቆረጥ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ትዝ የሚለኝ መጋዙ አይደለም፤
በማግስቱ መኝታ ክፍሌ የገባው ብርሃን ነው፤ ብዛቱ።

ማታ፣ ራት ላይ፣ አባቴ ጣቶቼን አየ፤ ሳሙና ያልበገረው ጥቁር።
"የሠራሽው የት አለ?"
"ፈርሷል።"
"ማን አፈረሰው?"
"እኔ።"
ሾርባውን ጨረሰ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፤
ሰባት ቁጥር፣ ከመጋቢት ጀምሮ ተከራይ ያጣው፣ መብራት ሥር ባዶውን ተኝቷል።
"አንድ ጥድ" አለ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "የስንት መኪና ቦታ ይወስዳል?"